ከማፍረስ በፊት ካሳ፣ ከካሳ በፊት ምክክር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በአገራችን የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ የየከተማው ምክር ቤት ይሰበሰባል። ዕቅድ ይቀርባል፣ አባላት ይጠይቃሉ፣ በመጨረሻም እጅ ይወጣል። አንዱ መንገድ ይቅደም ይላል፤ ሌላው ውሃና ትምህርት ቤት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ያረጁ ሰፈሮች ፈርሰው ከተማዋ እንደ አዲስ ትታነጽ ይላል። ይህ ዜና በቴሌቪዥን ሲነበብ ብዙዎቻችን ድምፁን ቀንሰን ወደ ቡናችን እንመለሳለን። የብርና የቁጥር ወሬ ይመስለናል።

ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የሚወሰነው የምናድርበት ቤት፣ ልጆቻችን የሚቀሩበት መድረሳ፣ ስንሞት የሚቀብረን ጎረቤት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የልደታንና የባሻ ወልዴ ችሎትን ሰፈሮች፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ የፒያሳን መፍረስ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከተማ ይታደስ ዘንድ ግድ ነው፤ በጭቃ ቤት፣ መጸዳጃ በሌለው ግቢ መኖርን ማንም አይመኝም። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ማን ይወስን? ምን ይቅደም? የሚነሣው ሰውስ ምን መብት አለው?

«ይህ የዱንያ ጉዳይ ነው፤ ዲንን ምን አገባው?» የሚል ወንድም አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የቀደምቶቻችንን ታሪክ የገለጠ ሰው ስለ ግምጃ ቤት ገንዘብ፣ ስለ መንገድ ስፋትና ስለሚፈርስ ቤት የተደረጉ ክርክሮችን በየገጹ ያገኛል። ዛሬ ጥቂቶቹን እናወሳለን።

ቢላል የተቃወሙበት ጉባኤ

በኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን ዒራቅና ሻም ሲከፈቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ሰዋድ የሚባለው፣ የጤግሮስና የኤፍራጥስ ወንዞች የሚያጠጡት ለም መሬት ምን ይሁን? ብዙ ተዋጊዎች መሬቱ ተከፋፍሎ ይሰጠን አሉ። ማስረጃም ነበራቸው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ማከፋፈላቸውን ያውቃሉ። ኸሊፋው ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። መሬቱ በነባር ገበሬዎቹ እጅ ይቆይ፣ እነርሱም ኸራጅ የተባለውን የመሬት ግብር ይክፈሉ፣ ገቢውም ለድንበር ጠባቂው፣ ለመበለቲቱና ለየቲሙ፣ ገና ላልተወለደውም ትውልድ መጦሪያ ይሁን አሉ።

እንግዲህ ይህ የበጀት ክርክር ነው። ያለው ሀብት ዛሬ ይከፋፈል ወይስ ለነገም ይቀመጥ? በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው ጥያቄው ይኸው ነው።

ኸሊፋውን በብርቱ ከተከራከሩት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? የኛው ሐበሻዊ፣ የረሱል ሙአዚን ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) ናቸው። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍም መሬቱ ይከፋፈል ከሚሉት ጋር ነበሩ። ዐሊይ፣ ዑስማንና ጦልሓ (ረ.ዐ) ደግሞ የኸሊፋውን ሐሳብ ደገፉ። ክርክሩ ቀናት ፈጀ። የሐነፊው ሊቅ አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ኪታቡል ኸራጅ በተባለው መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ ዑመር ከአንሷር አሥር ትላልቅ ሰዎችን፣ አምስቱን ከአውስ አምስቱን ከኸዝረጅ፣ አስጠሩ። ለእነርሱም እኔ እንደ አንዳችሁ ነኝ፣ ስሜቴን እንድትከተሉ አልፈልግም የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረጉ። ከዚያም የሱረቱል ሐሽርን አንቀጽ 10 አስታወሱ። አንቀጹ ከሙሃጂሮችና ከአንሷሮች ቀጥሎ «ከነሱ በኋላ የሚመጡትን» የሚያነሣ በመሆኑ፣ የኋለኛው ትውልድም በዚህ ሀብት ድርሻ አለው ሲሉ አስረዱ። ጉባኤው ተስማማ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ቢላል በቆሙበት የመከራከሪያ ቦታ የአማኞችን መሪ መቃወም ከዲን መውጣት አልነበረም። ዑመር በክርክሩ ከመጨነቃቸው የተነሣ ከቢላልና ከጓደኞቻቸው ይገላግላቸው ዘንድ አላህን መለመናቸው ተዘግቧል። ቢሆንም አላሰሯቸውም፣ ዝም አላሰኟቸውም፣ ክብራቸውንም አልቀነሱም። ሁለተኛው፣ ውሳኔው በጥናት ላይ የቆመ ነበር። ዑስማን ኢብን ሑነይፍና ሑዘይፋ ኢብኑል የማን ተልከው መሬቱን ለኩ፤ በአቡ ዩሱፍ ዘገባ ልኩ 36 ሚሊዮን ጀሪብ ሆነ። ጀሪብ የዘመኑ የመሬት መለኪያ ነው። ግብሩ የተጣለው ከልኬቱ በኋላ ነው፤ ገበሬው የማይችለው እንዳልተጫነበትም ኸሊፋው ሁለቱን ሰዎች መልሰው ጠይቀዋል።

ኩፋ፦ በፕላን የተሠራች ከተማ

በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ (638 እ.ኤ.አ) ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በኸሊፋው ትእዛዝ ኩፋን ቆረቆሩ። ምክንያቱ ጤና ነበር። ሠራዊቱ የሰፈረበት የመዳኢን አየር ስላልተስማማው የሰዎቹ መልክ ተለወጠ፤ ዑመርም የሚስማማ ቦታ ይፈለግ አሉ። የታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ እንደዘገቡት በከተማዋ መጀመሪያ የተተለመው መስጂዱ ነው። አንድ ብርቱ ቀስተኛ በመካከሉ ቆሞ በአራቱም አቅጣጫ ቀስት ወረወረ፤ ቀስቶቹ እስከወደቁበት ድረስ ያለው ቦታ ለሕዝቡ ክፍት አደባባይ ሆኖ ተተወ፤ ቤት የሚሠራው ከዚያ ወዲያ ነው። ዋናዎቹ መንገዶች 40 ክንድ፣ ተከታዮቹ 30፣ ከነዚያ የሚያንሱት 20 ክንድ፣ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ደግሞ 7 ክንድ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሰባቱ ክንድ ያለ ነገር አልተመረጠም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጣሉ ሰባት ክንድ እንዲደረግ መፍረዳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል።

ሕዝቡ የሰፈረው በየጎሳው ነበር። የሚተዋወቅ ከሚተዋወቀው ጋር፣ ዘመድ ከዘመዱ አጠገብ። ይህን ልብ እንበል። ዛሬ አንድ ሰፈር ተነሥቶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም። እድሩ ይፈርሳል፤ የፈጅር ጀማዓው ይበተናል፤ አሮጊቷን ጠዋት ጠዋት «አደሩ ወይ?» የሚላቸው ይጠፋል። ይህ ጉዳት በካሳ ስሌት ላይ አይገኝም። የኩፋ ቀያሾች ግን መንገዱን በክንድ ሲለኩ ይህንንም አልዘነጉትም።

የኩፋ የመጀመሪያ ቤቶች ከሸንበቆ የተሠሩ ስለነበሩ እሳት ተነሥቶ አወደማቸው። ሰዎቹ በጡብ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁ። ዑመር ፈቀዱ፤ ነገር ግን ማንም ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራና በሕንፃ ከፍታ መፎካከር እንዳይኖር አዘዙ። ማለትም ደኅንነት ተፈቀደ፣ ጉራ ተከለከለ።

ሰዕድ ለራሳቸው የመንግሥት ቤት አሠርተው በር እንዳበጁለትና ሕዝቡን ከርሳቸው እንደጋረደ ወሬ መዲና ሲደርስ ደግሞ፣ ኸሊፋው ሙሐመድ ኢብን መስለማን ልከው በሩን አስቃጠሉት። ሰዕድ ከታላላቅ ሰሐቦች አንዱ፣ ጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ የሚቆጠሩ ናቸው። ቢሆንም አቤት ባይና ሹም መካከል የቆመ በር አልተፈቀደላቸውም።

የሁለት ቤቶች ታሪክ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የግለሰብ ቤት ሊፈርስ ሲፈለግ ምን ይደረግ?

በዚያው በ17ኛው ዓመት የመዲና ሙስሊም ስለበዛ የነቢዩ መስጂድ ጠበበ። ለማስፋት በዙሪያው ያሉ ቤቶች ተገዙ። የነቢዩ አጎት የአል-ዐባስ (ረ.ዐ) ቤት ቀረ። ኸሊፋው ሽጡልኝ፣ ወይም ምትክ ውሰዱ፣ ወይም ለሙስሊሞች ሶደቃ አድርጉት ብለው አማራጭ አቀረቡ። አል-ዐባስ ሁሉንም እምቢ አሉ። ሁለቱም ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) ዘንድ ለፍርድ ቀረቡ። አስተውሉ፤ የአማኞች መሪ፣ ጦራቸው ሁለት ታላላቅ መንግሥታትን ያንበረከከ ሰው፣ እንደ ማንኛውም ተከራካሪ ዳኛ ፊት ተቀመጡ። ኡበይም ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) በይተል መቅዲስን ሊሠሩ ሲሉ የአንድ ሰው ቤት እንዳጋጠማቸው፣ አላህም በጉልበት የተወሰደ ነገር ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ እንዳስጠነቀቃቸው ከነቢዩ የሰሙትን ተናግረው ለአል-ዐባስ ፈረዱ። ዑመር ፍርዱን ተቀበሉ። የተሸነፉት ለግል ጥቅም አልነበረም፤ ለአላህ ቤት ነበር። ያም ሆኖ ተሸነፉ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው አል-ዐባስ ቤታቸውን ለሙስሊሞች በነፃ የሰጡት። በግድ ያልሰጡትን መብታቸው ሲከበር በፈቃዳቸው ሰጡ። ኸሊፋውም በምትኩ ቦታ መርተው ከሙስሊሞች ገንዘብ ቤት አሠሩላቸው።

ሁለተኛው ቤት፣ እንዲያውም ብዙ ቤቶች፣ መካ ላይ ናቸው። በዚያው ዓመት ታላቅ ጎርፍ መስጂደል ሐራምን አጥለቅልቆ መቃመ ኢብራሂምን ከቦታው አንሥቶት ነበር። ዑመር ወደ መካ ሄደው በከዕባ ዙሪያ የተጠጉትን ቤቶች እየገዙ አፈረሱ። አንዳንዶች አንሸጥም አሉ። የነዚህ ቤት ፈረሰ፤ ዋጋው ግን ተተምኖ በከዕባ ግምጃ ቤት ተቀመጠላቸው፤ በኋላም ወሰዱት።

አንዳንዱ የመዲናውን ብቻ ይዞ «ቤቴን ማንም አይነካም» ይላል። ሌላው የመካውን ብቻ ይዞ «ለልማት ነውና ሁሉም ይነሣ» ይላል። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ እናነባለን። ከዕባ ሌላ ቦታ ሊሠራ አይችልም፤ ጎርፉና የሐጃጁ መጨናነቅም ነፍስ የሚያሰጋ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ግዴታ ሲመጣ የግለሰብ እምቢታ ሁሉን ነገር አያቆምም። በሁለቱም ቦታ ግን በነፃ የተወሰደ አንድም ቤት የለም፤ በሁለቱም ምትክ ወይም ዋጋ አለ፤ ክርክር ሲነሣም ገዢው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አልሆነም።

ይህ በኋላ በሕግ ተጽፏል። በዑስማኒያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ መጀለቱል አሕካም፣ በአንቀጽ 1216 ላይ፣ አስፈላጊ ሲሆን በገዢው ትእዛዝ የማንም ይዞታ በዋጋው ተወስዶ መንገድ ላይ ሊጨመር እንደሚችል፣ ሆኖም ዋጋው ሳይከፈል ከባለቤቱ እጅ እንደማይወጣ ይደነግጋል። የኛም ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም ሲወጣ በአንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 8 የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ «በቅድሚያ» እንዲከፈል አዟል። በአንቀጽ 43 ንኡስ አንቀጽ 2 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ነዋሪው ሐሳቡ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ አንድ ሙስሊም ካሳ ይቅደም፣ እንመካከር ብሎ ሲጠይቅ በዲኑም በአገሩም ሕግ ላይ ቆሞ ነው።

ምን ይቅደም?

የኡመዊው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ (86–96 ዓ.ሂ) ታላቅ ገንቢ ነበሩ። የደማስቆን ታላቅ መስጂድ በወርቅና በሞዛይክ አስጌጡ። ሰዉ የግምጃ ቤቱ ገንዘብ በማይገባ ቦታ ባከነ ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ለመናገር አል-ወሊድ ድሃውን አልረሱም፤ ለዓይነ ስውራን መሪ፣ መራመድ ለማይችሉት አገልጋይ መመደባቸው ይነገርላቸዋል። ማጉረምረሙ ግን አልቀረም። በርሳቸው ትእዛዝ የነቢዩ መስጂድ በድጋሚ ሲሰፋም የእናቶቻችን፣ የነቢዩ ባለቤቶች ክፍሎች ፈረሱ። የመዲና ሰው አለቀሰ። ታላቁ ታቢዒይ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ፣ መጪው ትውልድ አይቶ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በምን ዓይነት ጎጆ እንደኖሩ እንዲማርበት ሳይፈርሱ ቢቀሩ ኖሮ ሲሉ ተመኙ። ያረጀ ሁሉ ፍርስራሽ አይደለም፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ነው።

ያንን የመዲና ሥራ እንደ አገረ ገዢ ያስፈጸሙት ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ በ99 ዓ.ሂ (717 እ.ኤ.አ) ኸሊፋ ሲሆኑ መንገዳቸው ሌላ ሆነ። ለከዕባ ልብስ ገንዘብ ሲጠየቁ በተራቡ ሆዶች ላይ ማዋሉን እንደሚመርጡ መለሱ። አንድ ሹም ከተማዬ ተጎድታለችና ማሳደሻ ገንዘብ ይላክልኝ ብሎ ቢጽፍ፣ በፍትሕ አጥራት፣ መንገዶቿንም ከግፍ አጽዳ የሚል መልስ ላኩለት። ሕንፃ መጥላታቸው አይደለም፤ ፍትሕ የሌለው እድሳት እድሳት እንዳልሆነ ማሳሰባቸው ነው።

ዑለማእም ይህን ሥርዓት አስይዘውታል። አል-ማወርዲ (በ450 ዓ.ሂ ያረፉት) አል-አሕካሙ ሱልጧኒያ በተባለው መጽሐፋቸው፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ ሲበላሽ ወይም ቅጥሩ ሲፈርስ ወጪው ከበይቱልማል እንደሚሸፈን፣ በግምጃ ቤቱ ገንዘብ ከጠፋ ግን ግዴታው አቅም ባላቸው ነዋሪዎች ላይ እንደሚወድቅ ጽፈዋል። አል-ገዛሊና ከርሳቸው በኋላ አሽ-ሻጢቢ (በ790 ዓ.ሂ ያረፉት) የሰውን ጥቅም በሦስት ደረጃ አስቀመጡ፦ ዶሩሪያት፣ ያለነርሱ ሕይወት የማይቆምባቸው፤ ሓጂያት፣ ችግር የሚያቃልሉ፤ ተሕሲኒያት፣ ኑሮን የሚያሳምሩ። ማሳመር ሐራም አይደለም። አላህ ውበትን ይወዳል። ግን ተራው ሦስተኛ ነው። ውሃ የማይደርሰው ሰፈር እያለ ፏፏቴ ከቀደመ ተራው ተዛብቷል። ለዚህ ፍርድ የምክር ቤት አባል ሁሉ የፊቅህ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ የበጀቱን ሰነድ ይዞ እያንዳንዱን መስመር «ይህ ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል።

ለራሳችንም እንናገር

ወንድሞችና እህቶች፣ እስካሁን ስለ ሹማምንት ስንናገር ልባችን ደስ ብሎት ይሆናል። አሁን መስተዋቱን ወደራሳችን እናዙር።

መስጂዶቻችን ሲጠቡ እኛም እናሰፋለን። ጎረቤቱ አልሸጥም ሲል ምን እንላለን? «የአላህን ቤት ከለከለ» ብለን በሰፈር ስሙን የምናነሣ፣ በይሉኝታ የምናስጨንቀው አለን። መበለት ከሆነች ደግሞ በርካሽ እንድትለቅ የምንገፋፋ አለን። የኡበይ ፍርድ የተሰጠው ግን በትክክል ለመስጂድ ማስፋፊያ ነበር! ለመስጂደ ነበዊ ያልተፈቀደው ለኛ ሰፈር መስጂድ ከየት ተፈቀደ? ለኮሚቴዎቻችን የምንለው ይህ ነው፦ በሙሉ ዋጋ ግዙ፣ ወይም ታገሡ።

በሌላ በኩል ሰፈሩ ሊነሣ ነው ሲባል በሌሊት የጨረቃ ቤት የሚያቆም፣ ያልነበረውን ክፍል አለኝ ብሎ ካሳ የሚቀበል አለ። ያ ገንዘብ ከማን ነው? ውሃ ከሚጠብቀው ድሃ በጀት ነው። ሐቅን መጠየቅ ዒባዳ ነው፤ ከሐቅ በላይ መውሰድ ግን የሕዝብን ገንዘብ መብላት ነው።

በየቤታችን ማድረግ የምንችለው ብዙ ነው። የሕዝብ ውይይት ሲጠራ አባወራውም እማወራዋም ይሂዱ፤ ወንበሩን ባዶ ትተን በኋላ አልተጠየቅንም አንበል። ካርታውን፣ የኪራይ ውሉን፣ ደረሰኙን በአንድ ከረጢት እናስቀምጥ። ስንናገር በአደብ፣ በማስረጃ እንናገር፤ ቢላል ሐሳባቸው ባያልፍም የጉባኤውን ውሳኔ ተቀብለው በክብር ኖረዋል። ጎረቤታችን ሲነሣ ዕቃ በመጫን፣ አዲሱ ሰፈር ድረስ ሄዶ በመጠየቅ፣ የተበተነውን እድርና ጀማዓ ዳግም በማሰባሰብ ከጎኑ እንቁም። የምክር ቤት ወንበር የያዝክ ወንድም፣ የያዝሽ እህትም፣ እጃችሁን ስታወጡ እጃችሁ በቂያማ ዕለት እንደሚመሰክር አትርሱ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሹራ አንቀጽ 38 ላይ ምእመናንን ሲያወድስ፣ ሰላትን ከማቆማቸውና ከሰጣቸው ከመለገሳቸው መካከል ጉዳያቸውን በምክክር መፈጸማቸውን ጠቅሷል። በሰላትና በልግስና መካከል የተቀመጠ ነገር ቀላል ሊሆን አይችልም።

አላህ ከተሞቻችንን በፍትሕ የሚታነጹ፣ ሹማምንቶቻችንን አዳማጮች፣ እኛንም አማና ጠባቂዎች ያድርገን። ቤቱ ለፈረሰበት ሁሉ የተሻለ ምትክ ይስጠው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።